የአሌክ ጊነስ አረማመድ

አንድ ተዋናይ ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርይ ደርቦ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው ድምፁና ልብሱ ነው። እግሩ ያው ነው። ሽማግሌውም ወታደሩም በአንድ ሰው እግር ይራመዳሉ፤ ተመልካች ምክንያቱን ባይናገረውም ያውቃል። ባሕር ዳር ውስጥ በሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ሆነ በትምህርት ቤት አዳራሽ መድረክ ለምትወጡ ልጆች፣ በዚህ ጉዳይ ከእንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ጊነስ ለንደን ውስጥ በ1914 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ማስታወቂያ በመጻፍ ሥራ ጀምሮ ወደ ቴአትር ገባ፤ በ1934 ተዋናዩ ጆን ጊልጉድ ባዘጋጀው የሼክስፒር ተውኔት በሐምሌት ውስጥ ኦስሪክ የተባለውን ትንሽ ገጸ ባሕርይ የመጫወት ዕድል አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ኦልድ ቪክ በተባለው የለንደን ቴአትር ቤት፣ በዘመኑ ልብስ በቀረበ ዝግጅት፣ ሐምሌትን ራሱን ተጫወተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ በ1943 በሲሲሊ ዘመቻ ወታደር የምታራግፍ ጀልባ አዟል።

አንድን ሰው ለመሥራት ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው አረማመዱን ነበር። እናንተም ልምምድ በተጀመረበት ቀን የገጸ ባሕርይውን ጫማ አድርጉ። ልብስ ለመጨረሻው ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም፤ ጫማ ከዘገየ ግን ሰውነት በሌላ ሚዛን ይለምድና መድረክ ላይ ይደናቀፋል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ክብደቱን በየትኛው እግሩ እንደሚያሳርፍ፣ ከዘጌ ጀልባ የወረደ መንገደኛ መሬት ሲረግጥ እግሮቹን ምን ያህል እንደሚያራርቅ ተመልከቱ። ከአንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ፤ ሁሉን ልቅዳ ያለ ማሾፍ ይሆንበታል።

በ1949 በካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ ፊልም የአንድ ቤተሰብ ስምንት አባላትን ብቻውን ተጫወተ፤ ቄስ፣ ጄኔራል፣ አድሚራልና አንዲት ሴት ይገኙባቸዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ስድስቱ በአንድ ፍሬም አብረው ይታያሉ። ካሜራማኑ ዳግላስ ስሎኮምብ ካሜራውን እንዳይነቃነቅ አሰረ፤ ከሌንሱ ፊት በጥቁር መከለያ ከአንዱ ቦታ በቀር ሁሉን ሸፍኖ ቀረጸ፤ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መልሶ ጠቀለለና ጊነስ ሌላ ሰው ሆኖ እስኪመጣ ጠበቀ። ማንም ካሜራውን እንዳይነካበት ሌሊቱን እዚያው ስቱዲዮ አደረ።

ዛሬ ይህን በስልክ መሥራት ይቻላል። ትራይፖዱን በድንጋይ አክብዱ፣ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ስክሪኑን ተጭናችሁ በመያዝ ፎከስና ብርሃኑን ቆልፉ። ቀረጻውን አንዴ ካበራችሁት አታጥፉት፤ እንደገና ስትነኩት ፍሬሙ በትንሹም ቢሆን ይዛነፋል። ተዋናዩ በሚያናግረው ሰው የዓይን ከፍታ ላይ ፕላስተር ለጥፉለት፣ አለዚያ የሁለቱ ዓይን አይገናኝም። ኤዲት ሲደረግ ሁለቱን ምስል የምታጋጥሙበት መስመር በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ ይለፍ። ጣና ዳር ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ውሃውም ቅጠሉም ስለሚንቀሳቀስ መጋጠሚያው ወዲያው ያስታውቃል፤ ጥላም ቦታ ይለውጣል። ቤት ውስጥ ወይም ገና ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ቢሠራ ይሻላል።

ሜካፕ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ደግሞ ከካይንድ ሃርትስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 በኦሊቨር ትዊስት ፊልም የሠራው ፌጊን፣ አይሁዳዊው የሌቦች አለቃ፣ ያሳያል። የተለጠፈለት ትልቅ አፍንጫ አይሁዶችን ያዋርዳል ተብሎ ተቃውሞ አስነሳ፤ አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ የታየው እስከ 1951 ዘግይቶ፣ ያውም ተቆራርጦ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነበር እላለሁ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በ1957 የተሠራው፣ ለኦስካር ያበቃው ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ ነው። ጊነስ የሚጫወተው እንግሊዛዊ የጦር ምርኮኛ ኮሎኔል ኒኮልሰን ከታሰረበት የቆርቆሮ ክፍል ወጥቶ ወደ ጃፓናዊው አዛዥ ሲሄድ ጉልበቱ ሊከዳው ይደርሳል፤ ትከሻው ግን አይወድቅም። ጊነስ ያንን አረማመድ የወሰደው በ11 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ሲያገግም ከነበረው ልጁ ነው። ልጁን የሚወድ አባት ያን ያህል በቅርብ ማየቱና ያየውን ሳያጋንን መጠቀሙ እስካሁን ይነካኛል።

በ1977 ስታር ዋርስ ሀብትና አዲስ ተመልካች አመጣለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሰላዩን ጆርጅ ስማይሊን ሲጫወት ዝምታውን ሙሉ በሙሉ ተጠቀመበት፤ ለዚያ ሥራ ከቀድሞ የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ኃላፊ ከሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር ምሳ በልቶ ሰውየውን አጥንቷል። በ2000 እስኪያርፍ የታወቀው በእነዚህ ሥራዎች ነው።

ለማጥናት ስትቀመጡ የክዋዩን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ከበሩ እስከ አዛዡ ቢሮ ድረስ ብቻ፣ እግሩን እንጂ ፊቱን አትከተሉ።