ኳሷን ጎሚስታ ቤት አልወስዳትም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ልጆች የቅርጫት ኳስ እኔ ቤት ነው የምታድረው። ስለዚህ የንፋሷ ነገር የእኔ ሥራ ሆኗል።

ጎሚስታ ቤት አልወስዳትም። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛል፤ የቅርጫት ኳስ ከ7 እስከ 9 ይበቃታል። ልኩ ብዙ ጊዜ ቫልቩ (የንፋስ ማስገቢያዋ) አጠገብ ተጽፏል። የበፊቷን ኳስ ኮምፕሬሰሩ ላይ ሲሰኳት በአንድ ጎኗ እብጥ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስትነጥር ወደ ጎን ነበር የምትሄደው። ሰውዬው ላይ አልፈርድም፣ ሥራው ጎማ ነው። አሁን በእጅ ፓምፕ ቀስ እያልኩ እሞላለሁ። መርፌዋን ግሊሰሪን አስነክቼ ቀጥ አድርጌ ነው የማስገባት። ቫዝሊን ይቅርባችሁ፣ ጎማ ይበላል።

መለኪያ የለንም። ደረጃው ግድግዳ ላይ በጠመኔ አስምረናል፦ የኳሷ ታች 1.80 ሜትር ላይ ሆኖ ስትለቀቅ፣ ነጥራ አናቷ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ከቀረች ፓምፕ፣ ካለፈች ትንሽ ማስተንፈስ።

ትልቁ ጣጣ ብርዱ ነው። እኛ ሰፈር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይጣል ነው። በረንዳ ያደረች ኳስ ጠዋት ልፍስፍስ ትላለች። «ጋሼ፣ ሞታለች እኮ! ንፋስ ሙሉላት!» ይላሉ። አልሞላም። ንፋሱ አልወጣም፣ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። በብርዱ ሞልቼ ብሰጣቸው ከሰዓት ፀሐይ ሲመታት ድንጋይ ትሆናለች። ስለዚህ የምንፈትናት በምንጫወትበት ሰዓት፣ ትንሽ ካነጠርናት በኋላ ነው። ማደሪያዋንም ከበረንዳ ወደ አልጋ ሥር አዛውሬያለሁ።

ሞቆም ካልተነሳች ያኔ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ቫልቩ ላይ የሳሙና አረፋ ጠብ ማድረግ ነው። አረፋው እየተነፋ ከመጣ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። አንዳንዴ ቫልቩ ደርቆ ስለሚሆን ግሊሰሪን የነካች መርፌ ገባ ወጣ ስትል ይዘጋል።

ሲሚንቶ ላይ ለሚጫወት የጎማ ኳስ ይሻላል፤ ቆዳው ለእንጨት ወለል ነው። ስትቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። በእግር መምታት ክልክል፣ ቁጭ ማለትም ክልክል፤ ቅርጿ የሚበላሸው በዚህ ነው። ሁለተኛውን ሕግ ግን ተራ የሚጠብቁት ልጆች እስካሁን አልተቀበሉትም።

መርፌ ስትገዙ ደግሞ ሁለት ሦስት አድርጉት። ቶሎ ይሰበራል፣ ካልተሰበረም የጎረቤት ብሎክ ልጆች ይዋሱታል።