«ወገቤን ነው በለው»

በአስራ ሁለት ዓመቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። ደመወዝ የለውም፣ ማስቲካ ግን ይገዛልኝ ነበር።

አያቴ በወጣትነቷ የጎጀብን ወንዝ ተሻግራ ከዳውሮ ነው ጅማ የመጣችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም ኖራለች። ዛፍ ላይ ያለውን አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው የሚለዩ ሴቶች አይታችሁ ከሆነ እንደነሱ ነው። የጅማው መርካቶ ስትወርድ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ትራገማለች፣ ሻጩ ጉራጌ ከሆነም ሁለት ሦስት ቃል ጣል ታደርግለታለች። ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ቋንቋ ብን ብሎ ይጠፋና ዳውሮኛው ብቻ ይቀራል። ያኔ እኔ እጠራለሁ። እናቴ ሥራ ናት፣ ታላቅ እህቴ ትምህርት ቤት ናት፣ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት ሥራ ፈት ነኝ።

አንድ ቀን አንድ ጤና ተቋም ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ነገር ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ትሁትም ነበር። ምን ያማታል አለኝ። ጠየቅኳት። አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት አየች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «ወገቤን ነው በለው» አለችኝ። አልኩት። ሐኪሙ ግን ጠረጠረ መሰለኝ፣ ሽንት ያስቸግራታል ወይ፣ ከታች የሚከብዳት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ የአስራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ይሄን ለአያቱ በምን አፉ ይጠይቃል? ፊቴ ጋለ። «ሌላስ የሚያምሽ አለ?» ብዬ አሳጠርኩት። የለም አለች። የለም አልኩት። ማስታገሻ ታዘዘላት፣ እኔም ማስቲካዬን እያኘክሁ ወደ ቤት።

ማህፀኗ ወጥቶ ነበር። ይህን የሰማሁት ካረፈች በኋላ ለቅሶ ላይ፣ ከጎረቤት ሴት አፍ ነው። ለዓመታት በጨርቅ ደግፋ ይዛው ኖራለች። ብዙ የወለዱና ከባድ ሸክም ሲሸከሙ የኖሩ ሴቶች ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ደግሞ የሚታከም ነገር ነው። አንዳንዱ ደግፎ በሚይዝ ቀለበት፣ የባሰው በቀዶ ሕክምና። ለጎረቤቷ የነገረችውን ለሐኪሙ ያልነገረችው በመሀል እኔ ስለነበርኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አሁን ለምን አነሳኸው ካላችሁ፣ እህቴ ናት ያስታወሰችኝ። እህቴ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ትኖራለች፣ ሥራዋ ትልልቅ ሰዎችን ቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። ባለፈው በቴሌግራም የአስራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ (እህቴ አጭር ነገር አታውቅም)። የምትንከባከባቸው አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴትዮ አሉ፣ ሰማንያን ያለፉ። በዚያ አካባቢ እኛም ብዙ ነን፣ ኤልሳልቫዶሮችም ብዙ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት እነሱንም፣ ሜክሲኮዎችንም፣ ኩባዎችንም፣ ፖርቶሪኮዎችንም ጠቅልሎ ሂስፓኒክ ይላቸዋል። እህቴ ስፓኒሽ አትችልም። አጓ ውሃ ነው፣ ዶሎር ሕመም፣ ኮሚዳ ምግብ፤ የቀረው በእጅ ነው። አንድ የሚያግባባቸው ነገር ግን አለ። ሴትዮዋ ልጅ ሳሉ ሳንታ አና የሚባል የቡና አገር ቡና ሲለቅሙ ነው ያደጉት። እህቴ ከዚህ የላክንላትን ቡና እዚያ ቤት ስትቆላ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸባት፣ መስኮት ስትከፍት ሴትዮዋ ከምጣዱ አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩና «ቡዌኖ» አሉ አለችኝ። ጥሩ ነው ማለት ነው።

የመልእክቱ ዋና ነገር ግን ሆስፒታሉ ነው። ሴትዮዋን የሚያጅባቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ አስራ አምስት ዓመቱ። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ ልጁ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ሦስት ደቂቃ ያወራሉ፣ ልጁ ዞር ብሎ «ደህና ነኝ ነው የምትለው» ይላል። እህቴ ጥግ ተቀምጣ ይሄን ስታይ እኔ ትዝ አልኳት። ነርሷ ግን አላለፈችውም። ልጁን ውጭ ቆይ አለችው፣ እግር ያለው ታብሌት እየገፋች አመጣች፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት አስተርጓሚ ሴት ብቅ አለች። ሴትዮዋ ሃያ ደቂቃ አወሩ። ምን እንዳሉ እህቴ አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም።

እዚያ ነገሩ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 (የአሜሪካ ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል፣ ቋንቋ አለመቻልም በዚያ ሥር እንዲታይ ፍርድ ቤቶች አድርገውታል። በ2010 ለወጣው የጤና ሕግ በኋላ የተበጀለት ማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አወጣች፦ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው የሚናገረው ቋንቋ ካለ፣ ከሁለቱ ባነሰው ተቆጥሮ፣ ዋና ዋና ወረቀቶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይታያችሁ፣ ከጅማ የሄደች እናት ዲሲ ውስጥ ወረቀቷ በአማርኛ ይመጣላታል፣ ጅማ ያለችው የዳውሮ እናት ግን የልጅ ልጇን ቀስቅሳ ይዛ ትወጣለች።

ይሄም በነፃ አልመጣም። በ1991 ዲሲ ማውንት ፕሌዛንት ሰፈር አንዲት ፖሊስ አንድ የኤልሳልቫዶር ሰው በጥይት መትታ ሰፈሩ ለቀናት ታመሰ፣ ከዚያ ነው ይሄ ሁሉ ሰው ስፓኒሽ በሚናገርበት ከተማ መንግሥት የሚያናግራቸው ሰው እንደሌለው በደንብ የታየው። ለአረጋውያኑ በተለይ የሚሟገት የሂስፓኒክ አረጋውያን ብሔራዊ ምክር ቤትም አለ፣ ከ1979 ጀምሮ። እንዲህም ሆኖ ገነት አይደለም። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው የሚያገለግሉበት መንገድ እንዲያበጁ ያወጡት ትእዛዝ ማርች 2025 ላይ ተሽሯል። የ1964ቱ ሕግ እንዳለ ነው፣ ግን የሚያስፈጽመው ሰው ፊቱን ካዞረ ሕግ ወረቀት ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ደግሞ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ከደመወዛቸው የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥባቸው ኖረው ሲያረጁ ጡረታ የሚባል ነገር የማያዩ። አያቴን አስቡ እንግዲህ፤ እሷም የቀን ሠራተኛ ነበረች፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ራሱ እዚህ አገር የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

እህቴን ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ «ላቲኖዎች እኮ ቤተሰብ አላቸው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው ይይዛሉ» አላት፣ ሂስፓኒኮቹን ማለቱ ነው። ሙገሳ ነው፣ አይደል? ይህቺ ሙገሳ ግን ሥራ ትሠራለች። ቤተሰብ ካላቸው አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል፣ ቤተሰብ ካላቸው የሚያውቁት ምግብ ያለበት ማዕከል ምን ያደርግላቸዋል። ሴትዮዋ ለአረጋውያን ምሳ የሚሰጥበት ማዕከል አንዴ ሄደው ነበር፣ የተፈጨ ድንች ቀረበላቸው፣ የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም፣ ተመልሰው አልሄዱም። «አይፈልጉም» ተብሎ ይመዘገባል መቼም።

እኛም ይቺኑ ነው የምንለው። «እኛ ሀበሾች ሽማግሌ አንጥልም።» እውነት ነው፣ አያቴን አልጣልናትም። አጥበን፣ አብልተን፣ ደግፈን ነው የኖርነው። ግን ደጋፊዋ ስለሆንን አፏም እኛ ሆንን። አንድ ሰው ቤተሰቡ የማይሰማው ሕመም አለው፣ ልጁ ፊት የማይወጣ ቃል አለው። ልጁ የሚመታው አባት አለ፣ ያን ልጅ ነው አስተርጓሚ አድርገን የምናስገባው!

«ጅማ ውስጥ ኦሮምኛ ወይ አማርኛ የማይችል ማን አለ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። የገበያ ቋንቋ ሌላ ነው፣ የሕመም ቋንቋ ሌላ ነው። ደግሞ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሸሸው ኋላ የተማረው ቋንቋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ከገባ። አያቴ መጨረሻ አካባቢ አማርኛዋ እየተንጠባጠበ አለቀ፣ እኛ «አኮረፈች» እንል ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሂስፓኒኮች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እንደሆነ የአልዛይመር ማኅበሩ ይናገራል፤ የማስታወስ ፈተናውን በማያውቁት ቋንቋ ብትፈትኗቸው ጤነኛውም ይወድቃል፣ የታመመውም «ቋንቋ አይችሉም እኮ» ተብሎ ያልፋል።

ምን ይደረግ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን ሁላችንም እናውቃታለን። እኔ የምለው ግን አቅም አይፈልግም። ካርድ ክፍል ስም ሲጻፍ፣ ዕድሜ ሲጻፍ፣ ቀበሌ ሲጻፍ፣ «በየትኛው ቋንቋ ቢያወሩ ይሻልዎታል?» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ከዚያ ደግሞ ሰው አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሞልቶታል፣ የጤና ተማሪዎቹም ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥቶ መማር የትምህርታቸው አካል ነው። ዳውሮኛ፣ ካፍኛ፣ የምኛ የሚናገረው ልጅ ስሙ ዝርዝር ላይ ይያዝ፣ ሚስጥር መጠበቅ ይሰልጥን፣ ሲጠራ ይከፈለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ሲመጡ እናቲቱን ለብቻቸው ያናግሯቸው። ስለ ስልክ መተግበሪያ የሚያወራ ካለ ይቅርብኝ፣ የጎረቤቴ አባት የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር የሚያውቀው ባጃጅ ነጂው ነው።

ባለፈው ወር የሰፈራችንን እማማ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የም ናቸው። ነርሷ እኔን አይታ «አንተ ትተረጉማለህ?» አለች። አልተረጉምም አልኩ፣ ቋንቋቸውን ብችልም አልተረጉምም አልኩ። ትንሽ ተበሳጨች። ከዚያ ኮሪደር የምትወለውል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተጠርታ መጣች፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባች። ለዚህ ሥራ አይከፈላትም፣ አሰልጥኗት የሚያውቅም የለም፣ ግን ሁሌ እሷ ናት የምትጠራው አሉ።

ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እማማ ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ምን አሏችሁ እማማ?»

«አንተ ምን አገባህ» አሉኝ፣ «ባጃጅ ጥራ።»