12 ቮልት አለ፤ ፋኑ ግን አይዞርም

ስኩተሬ ሐረር ላይ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። መኪና ግርግር፣ በአባቴ የስፌት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሞተሯ እየሠራ አሥር ደቂቃ ብትቆም እንኳ የሙቀት ማሳያዋ መርፌ ከመካከል አያልፍም። (መኪና ግርግር በጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። እኔ በዚያ ድምፅ ውስጥ ስላደግሁ ዛሬም ጸጥ ባለ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም።) የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዳ ድሬ ዳዋ ስትገባ ግን ስኩተሯ ጠባይዋ ይለወጣል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። በ55 ኪሎ ሜትር መንገድ ሹራብ ይወልቃል፣ ሽርጥ ይታጠቃል።

ስለዚህ የራዲያተሯ ማቀዝቀዣ ፋን ሥራ ያቆመው መቼ እንደሆነ አላውቅም። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ስላላስፈለጋት ዝም አለች። የነገረችኝ በግንቦት ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ከፊቴ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ፣ ከኋላዬ የባጃጅ ሰልፍ። መርፌው ቀዩን ነካ፣ ቀይ መብራቱ በራ። አጥፍቼ ወደ ጥላ ገፋኋት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሮጦ መጣና «ወንድሜ፣ ውሃ ጨምርባት!» እያለ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ። እጁን ያዝሁት። በክዳኑ ግፊት ታፍኖ ከመቶ ዲግሪ በላይ እየሞቀ ሳይፈላ የተቀመጠ ውሃ ክዳኑ ሲከፈትለት ባንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይወጣል። ልጁ በቅንነት ነው፤ በእሱ ባጃጅ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የባጃጅ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ፋኑም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። የድሮዎቹ ቬስፓዎችም እንዲሁ ነበሩ። ሽቦ የሌለው ፋን የኤሌክትሪክ ብልሽት የለበትም። የእኔዋ ግን በውሃ የምትቀዘቅዝ 250 ሲሲ ናት፤ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ታዝዞ ትልቁን የሚያስተላልፍ ማብሪያ)፣ ራዲያተሩ ላይ የተሰካ የሙቀት ማብሪያ፣ ከዚያ ፋን። ውሃው በተወሰነ ዲግሪ ሲሞቅ ማብሪያው ይዘጋል (ማለትም መስመሩን ያገናኛል)፣ ሪሌው ጠቅ ይላል፣ ፋኑ ይዞራል። ከእነዚህ አንዱ ሲያኮርፍ ሁሉም ያኮርፋል።

መጀመሪያ የወሰድኋት ጋራዥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከባትሪው አንድ ረጅም ሽቦ ስቦ በመሪዬ ላይ ማብሪያ ተከለ፣ ከማብሪያው በቀጥታ ወደ ፋኑ ወሰደው። «ሲሞቅብህ አብራ፣ ሲበርድ አጥፋ» አለኝ። ፋኑ ዞረ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ማጥፋቱን ረሳሁ፤ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። ፋኑ አራት አምፔር ገደማ ይበላል፣ ባትሪዬ 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ በሦስት ሰዓት ማለቁ የማባዛት ሒሳብ ነው። ይባስ ብሎ ያ ሽቦ ፊውዝ አልነበረበትም። አንድ ቦታ ተፍቆ ብረት ቢነካ ከቤንዚን ታንክ አጠገብ እሳት ነው። ፈትቼ ጣልኩትና ራሴ ልፈልገው ወሰንኩ።

እዚህ ላይ ሙያዬ አሳሳተኝ። የስፌት መኪና ዲናሞ ሲደክም ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ነው፤ ያልቃል፣ እያጠረ ሄዶ መዞሪያውን መንካት ያቅተዋል። በሕይወቴ ስንት ካርቦን እንደቀየርሁ ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ሳልመረምር ፋኑን አወረድኩ፣ ዲናሞውን ፈታሁ፣ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ የሚመስል አሸዋ ጠረግሁ። ካርቦኖቹ እንደ አዲስ ረጃጅም ነበሩ። መልሼ ገጥሜ ባትሪ ላይ ብነካው አውሎ ነፋስ ሆነ። ግማሽ ቀን ሄደ። መጀመሪያ ባትሪ ላይ ነክቼው ቢሆን ኖሮ በግማሽ ደቂቃ ያበቃ ነበር። ደግሞስ በጋራዡ ቀጥታ ሽቦ ዞሮ የለም እንዴ? አንዳንድ ጊዜ ሰው በዓይኑ ያየውን አያምንም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሙቀት ማብሪያው ነበር። ላዩ ላይ 98 ተጽፎበታል። የተማርኩት ዘዴ ቀላል ነው፤ ፈትተህ በክር አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ ታፈላዋለህ፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለቱ እግሮች ላይ ይዘህ ሲዘጋ ትጠብቃለህ። አፈላሁት። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴስተሩ ዝም አለ። ሩብ ሰዓት አፈላሁት፣ ዝም። «ሞቷል» ብዬ ታይዋን ገበያ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ጠርጣራ ስለሆንኩ አዲሱንም አፈላሁት። እሱም ዝም።

ጎረቤቴ ከአጥር ወዲያ ሆነው ያዩኝ ነበር። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ እንዲህ ያሉ ሰዎች አጥታ አታውቅም። ፈረንሳይኛቸው ከአማርኛቸው ጋር ተዋህዷል። ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው «ማሳ» የሚሉትን የነጋቲቭ መሬት እሳቸው «ማስ» ይሉታል፤ በዚህ ከመካኒኮች ጋር ሲከራከሩ መስማት ለብቻው መዝናኛ ነው።

«ልጄ፣ ወጥ ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሳቁ።

«98 ተጽፎበታል አላልክም? ድሬ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?»

«በመቶ፣ ጋሼ።»

«በመቶ የሚፈላው ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ያንሳል። እዚህ በ96 ገደማ ይፈላል። ሐረር ብትሄድ በ94። ቀኑን ሙሉ ብትቀቅለው 98ን አያያትም።»

ዘይት አመጡ። የሙቀት መለኪያ ገመድ ያለውን ቴስተራቸውንም አመጡ። ማብሪያው እርጥብ እንዳይሆን አስጠረጉኝ፤ በጋለ ዘይት ውስጥ የውሃ ጠብታ ይፈነዳል። የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ አንጠለጠልነው፣ እሳቱን አለሰለስነው። 95፣ 96፣ 97... 98 ላይ ጢጥ አለ። «ሞቷል» ያልኩት አሮጌው ማብሪያ ነው ይህ። አዲሱም ከዚያው አካባቢ ዘጋ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ መለዋወጫ አለኝ፤ እንደ ጥሎሽ አስቀምጬዋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የድሬ ውሃ በማንቆርቆሪያ ግርጌ ነጭ ድንጋይ እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ራዲያተር ውስጥም ያንኑ ያደርጋል፤ ማብሪያው ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሰዋል። የእኔው ከላዩ ቅርፊት ነበረው። የተጣራ ውሃና ኩላንት ይሻላል።

ማብሪያው ደህና፣ ዲናሞው ደህና፣ ፊውዙም ደህና። መልሼ ገጠምሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ ላለመጠበቅ የማብሪያውን ሁለት ሽቦዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኘሁና ቁልፉን ከፈትሁ። ሪሌው ጠቅ አለ። ፋኑ አንዴ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሶኬቱን ከፋኑ ነቅዬ በቴስተር ለካሁ፤ 12.4 ቮልት። ሶኬቱን ብሰካው አይዞርም፣ ብነቅለው 12.4። አብጄ ነበር። መብራት ደጃፍ ድረስ መጥቶ አልገባም ሲል ምን ይባላል?

ጎረቤቴ ቤታቸው ገብተው አንድ የፍሬቻ አምፖል ይዘው ወጡ፤ 21 ዋት፣ ሁለት ሽቦ የታሰረበት፣ ሽቦው ጫፍ ላይ መርፌ። «ቴስተርህ ሰነፍ ነው» አሉኝ። «ምንም አይበላም። ምንም የማይበላ እንግዳ ቤቱ ጠግቦ ይሁን ተርቦ እንዴት ያውቃል? የሚበላ አምጣ።»

አምፖሉን ፋኑ በሚሰካበት ሶኬት ላይ ነኩት። ሙሉ ሊበራ ሲገባው እንደሚጠፋ ፍም ቀላ። አምፖሉ እንደተሰካ ቴስተሩን በላዩ አደረግን፤ 12.4 የነበረው 4.4 ሆነ። ስምንት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስተሩ የሚስበው ጅረት ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ የዛገ መጋጠሚያ በፀጉር ስፋት ቢነካካ እንኳ 12 ቮልቱን ያሳልፍለታል። እንደ ተቆለመመ ቱቦ ቁጠሩት፤ ጫፉን በጣት ብትደፍኑት ግፊቱ ሙሉ ነው፣ ባልዲ ልሙላ ስትሉ ግን ጠብ ጠብ ይላል። አምፖሉ ወደ አንድ አምፔር ሲጠይቅ ስምንት ኦም የሚያህል መሰናክል ስምንት ቮልት ዋጠ። ፋኑማ ለመነሳት ከዚያም በላይ ስለሚጠይቅ ይባስኑ ደርቆ ይቆማል።

የቀረው የት እንደተዋጠ መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ቴስተሩ እንደገና ሰው ሆነ። አምፖሉ እንደተሰካ አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሶኬቱ ነጋቲቭ ላይ አደረግን። ደህና ሽቦ ከሆነ ወደ ዜሮ ማሳየት አለበት። 0.1 አለ። ማስም እንበለው ማሳ፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ በፖዘቲቩ በኩል፤ አንዱ ጫፍ ከባትሪው አይነሳም፣ ሌላው በሽቦው መንገድ ወደፊት ይራመዳል። ከፊውዙ በኋላ፣ ምንም። ከሪሌው በኋላ፣ 0.1። ከፊት ጋሻው ጀርባ ያለው መካከለኛ ሶኬት መግቢያ ላይ፣ አሁንም 0.1። መውጫው ላይ 7.9።

ጎረቤቴ ቀና ብለው አዩኝና መነጽራቸውን አወለቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

የፊት ጋሻውን ቡሎኖች ፈታሁ። ሶኬቱን ስከፍተው ከስድስቱ እግሮች አምስቱ የሚያብረቀርቁ ናቸው። የፋኑ እግር ግን እንደ አሮጌ የመዳብ ሳንቲም አረንጓዴ ሆኗል፣ ፕላስቲኩም ዙሪያውን በሙቀት ቡናማ ሆኗል። ውሃ ከየት መጣ? በድሬ በዓመት ስንት ቀን ነው የሚዘንበው? ጎረቤቴ ሲጠይቁኝ መልሱን አውቄ አፈርኩ። እኔ ነኝ። በየቅዳሜው ላቫጆ እወስዳታለሁ፤ ልጁ ያን በግፊት የሚተፋ ቱቦ ከፊት ጎማው በላይ አስጠግቶ ጋሻው ሥር ይሰድዳል፤ እኔ ደግሞ ቆሜ «እዚህም ጨምር፣ እዚህም» እላለሁ። አሸዋ ስለምጠላ ነው።

ጥገናው ከምርመራው ጋር ሲነጻጸር ሥራ አይባልም። ሽቦው ወደ ውስጥ ጠቁሮ ስለነበር ቀዩ መዳብ እስኪታይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ ሁለቱንም ተርሚናሎች በአዲስ ቀይሬ በፒንሳ ጨመቅሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ሶኬቱን አፉ ወደ ታች እንዲሆን አዙሬ አሰርኩት። የአሮጌውን እግር በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ የለፋ ጨርቅ ላይ አዲስ እራፊ አልሰፋም። እንደገና አምፖሉን ስሰካ ዓይን ወጋኝ። በመውጫው ላይ 0.1። ፋኑ ተሰካ፣ ዞረ፣ የጓሮውን የኒም ቅጠል ወደ ጎረቤቴ ግቢ አባረረው።

በማግስቱ ሆን ብዬ በአምስት ሰዓት ቀፊራ ሄድኩ። ቆምኩ። መርፌው ወጣ፣ ከቀዩ በታች ደረሰ፣ ፋኑ ተነሳ፣ መርፌው ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እስኪደጋገም ከዚያ አልተነቃነቅሁም፤ ሽንኩርት ሻጭዋ የምገዛ መስሏት ሁለት ኪሎ መዘነችልኝ። ገዛኋት።

ቅዳሜ ላቫጆ ሄድኩ። ልጁ ቱቦውን ይዞ ወደ ጋሻው ሥር ሲያጎነብስ እጄን ዘረጋሁበት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አሸዋ ቀርቷል እኮ» አለኝ።

«ይቅር» አልኩት።

ተገርሞ አየኝ፤ ስንት ቅዳሜ ያስለቀስኩት ልጅ ነው።