የጋርላንዱ ቤቴ መሠረት፦ የሁለት ዓመት ልኬትና ጥገና

የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ነው። በ2023 ጁላይ መጨረሻ የመታጠቢያ ቤታችን በር አልቆለፍ አለ። መጀመሪያ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። መወርወሪያውና ቀዳዳው ተላልፈው ነበር፤ እኔም ማጠፊያውን አጥብቄ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። በሳምንቱ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። ወጥቼ ቤቱን ስዞር ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ ጥግ ያለው ጡብ መጋጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ ተሰንጥቋል። ሳንቲም ብሰድበት ገባ። ክው አልኩ።

ቤቱ በ1974 የተሠራ ነው። በዚህ አካባቢ እንዳሉት አብዛኞቹ ቤቶች ቤዝመንት የለውም፤ አፈሩ ላይ በቀጥታ በፈሰሰ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን፣ ፕሌኖ የምትኖሩ ይህን ዓይነት ቤት ታውቁታላችሁ። ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ብዬ የተመኘሁትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ከቀይ ወንዝ እስከ ሳን አንቶኒዮ የተዘረጋው ጥቁር መሬት አገር ቤት ዋልካ የምንለው ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የሚለየው ወቅቱ ነው። አገር ቤት ሐምሌ ዋልካው ጫማ የሚያስቀርበት ወር ነው፤ እዚህ ግን በሐምሌ ጓሮዬ ያለው ስንጥቅ እጄን እስከ አንጓዬ ይውጣል። አቃቂ በኩል በግንበኝነት ያረጀ አጎት አለኝ። ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ዋልካውን አውጥተው ገረጋንቲ አልሞሉበትም እንዴ?" ብሎ ነው። "አልሞሉም ጋሼ፣ እላዩ ላይ ነው ያፈሰሱት" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያስ ውሃውን ጠብቅ ልጄ። ባንድ በኩል ረጥቦ በሌላው እንዳይደርቅ" አለኝ። በኋላ የከፈልኩበት ኢንጂነርም የነገረኝ ይህንኑ ነው።

በበጋ የቤቱ ዙሪያ ይደርቃል፤ መሃሉ ግን ኮንክሪቱ ስለሸፈነው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዳሩ ይወርዳል፣ መሃሉ ባለበት ይቀራል። በ2011 እዚህ ሙቀቱ 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ፤ የጎረቤቴ ቤት ጡብ የተሰነጠቀው በዚያ በጋ ነው። የኔ ጥግ ደግሞ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለበት። ሥሩ ከቤቱ ሥር ያለውን ውሃ ይጠጣል።

በዚያ በጋ ሁለት ስሕተት ሠራሁ። አፈሩ ከግድግዳው ሸሽቶ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ስለነበር ጎማ ሰድጄ ውሃ ለቀቅኩበት። ውሃው አፈሩን ሳያርስ በስንጥቁ ሽው ብሎ ታች ይወርዳል፤ እታች ያለው ብቻ ይረጥባል። ከዚያ ይባስ ብዬ ክፍተቱን በአሸዋ ሞላሁት። አፈሩ ዝናብ ሲያገኝ ተመልሶ የሚያብጥበትን ቦታ ነበር የዘጋሁበት። ኖቬምበር ላይ አሸዋውን በእጄ ዝቄ አወጣሁት።

ሁለት የፋውንዴሽን ጥገና ድርጅቶች በነጻ መጥተው አዩልኝ። አንዱ ኩሽናውን ጨምሮ ዙሪያውን 24 ፒር ያስፈልጋል አለ፤ ፒር የሚሉት ከመሠረቱ ሥር የሚገባውን ምሰሶ ነው። ሌላው በዚያው ሳምንት 9 ይበቃል አለ። በዚህ ልዩነት መካከል ያለው ገንዘብ የልጄ የኮሌጅ ገንዘብ ነው። ቴክሳስ ለፋውንዴሽን ጥገና ሥራ የተለየ ፈቃድ አትጠይቅም፤ የግዛቱ ፈቃድ የሚያስፈልገው ኢንጂነሩ ነው። ስለዚህ ጥገና የማይሸጥ፣ የሚያስከፍለው ለማየትና ለመጻፍ ብቻ የሆነ ስትራክቸራል ኢንጂነር ቀጠርኩ። 650 ዶላር ከፈልኩት፤ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ይህን ነው ደስ ብሎኝ የማስበው።

ኢንጂነሩ ያለኝ ይህ ነው። ሲሠራም ፍጹም ልክ ሆኖ የተሠራ ንጣፍ የለም። ዛሬ ጥጉ ዝቅ ብሎ ብናገኘው ከ1974 ጀምሮ እንደዚያ ይሁን፣ ባለፈው ወር ይውረድ አናውቅም። ደግሞም ስንጥቅ ብቻውን የትኛው ወገን እንደተንቀሳቀሰ አይናገርም፤ አንዱ ወገን ሲወርድም ሌላው ሲነሳም ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቤቱ ለአደጋ የሚያሰጋ አይደለምና አንድ ዓመት ለካው፣ ከዚያ እንወስናለን አለኝ።

አለካኩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ግንበኛ አገር ቤት የሚጠቀምበት ዓይነት፣ ውስጡ የሚታይ ነጭ ጎማ 15 ሜትር ገዛሁ። ውሃ ከቀይ የምግብ ቀለም ጋር ቀላቅዬ ቀስ ብዬ ሞላሁት። አንዲት አረፋ ከቀረች ንባቡ ውሸት ነው፤ ጎማውን ከፍ አድርጎ በጣት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማስወጣት ያስፈልጋል። ሁለቱን ጫፎች ማስመሪያ በተለጠፈባቸው ሁለት እንጨቶች ላይ አሰርኩ። አንዱ ኮሪደሩ መሃል ይቆማል፤ እሱ ዜሮዬ ነው። ሌላውን ይዤ 22 ነጥቦች ላይ እዞራለሁ። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ታነባለች፣ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አነባለሁ፤ ሁለታችንም አውራ ጣታችንን ከጎማው አፍ አንስተን ውሃው መወዛወዙን እስኪያቆም እንጠብቃለን። ውሃው የጎማውን ጠርዝ ይዞ ትንሽ ይወጣል፤ የሚነበበው መሃሉ ዝቅ ያለበት ነው። ሴራሚክና ምንጣፍ ውፍረታቸው ስለማይመሳሰል ልዩነቱን ቀንሱ። መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ዜሮውን ለኩ። ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ እንደገና ከሀ መጀመር ነው፤ እኛ ሁለት ጊዜ ደርሶብናል።

ሴፕቴምበር 2023 ላይ የደቡብ ምዕራቡ ጥግ ከዜሮ 41 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ኩሽናው ደግሞ 16 ከፍ ብሎ። ፌብሯሪ ላይ፣ ከዝናቡ በኋላ፣ ጥጉ ወደ 33 ተመለሰ። ኦገስት 2024 እንደገና ወርዶ 46 ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አፈሩ ሲረጥብ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይወርዳል። ያስደነገጠን ኩሽናው ነው። 16፣ 18፣ 22። በክረምትም በበጋም ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ሰማዩ ወር ሙሉ ጠብ ሳያደርግ የሚነሳ ወለል ውሃ የሚያገኝበት ሌላ ቦታ አለው ማለት ነው።

የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። የፍሳሹን መስመር በፊኛ ደፍኖ እስከ ወለሉ ድረስ ውሃ ሞላበት። ቢይዝ ኖሮ ውሃው ባለበት ይቆም ነበር፤ ዓይናችን እያየ ወረደ። ከ1974 ጀምሮ የነበረው የብረት ቧንቧ በኩሽናው ሥር ሆዱ ተበልቶ አልቋል። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ለዓመታት ዋልካውን ሲያጠጣው ኖሯል። እዚያ ላይ ፒር ቢተከል ኖሮ የተነሳውን ቦታ ተነስቶ እንዲቀር በገንዘቤ አስደግፌው ነበር። ወለሉን ላለማፍረስ ከውጭ በኩል ከንጣፉ ሥር ዋሻ ቆፍረው ገብተው ቧንቧውን ቀየሩት። ኢንሹራንሴ የአፈር መንቀሳቀስን አይሸፍንም፤ ለቧንቧው መፍሰስ ግን ከቁፋሮው ወጪ የተወሰነውን ከፈለ። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ሁለቱ ተለይተው ነው የሚጻፉት።

ጥጉን የሠራነው ኤፕሪል 2025 ነው፤ 7 የብረት ፒር፣ ኢንጂነሩ በሣለው ቦታ ብቻ። ያልጠበቅኩት የማንሳቱን ቀን ነው። በየጉድጓዱ ክሪክ ተደርጎ አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል፣ ሌሎቹ እኩል ያነሳሉ። ቤት ውስጥ ቆሜ ግድግዳው ቋ ሲል ሰማሁ፤ የመስኮቱ ስንጥቅ ዓይኔ እያየ እየጠበበ ሄደ። እስከ ዜሮ አላነሱትም። 27 ሚሊ ሜትር ካነሱት በኋላ ኢንጂነሩ "ይበቃል" አለ፤ ከዚያ በላይ ጡቡና በሮቹ በሌላ አቅጣጫ ይሰነጠቃሉ ብሎ። ማንሳት ራሱ ቧንቧ ሊሰብር ስለሚችል የፍሳሹን ፈተና በማግስቱ ደገምነው። ያዘ።

ዛፉን አልቆረጥነውም። ትልቅ ዛፍ በድንገት ሲጠፋ ሲጠጣው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀርና መሬቱ ይነሳል። በዛፉና በቤቱ መካከል አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የሥር መከላከያ አስቀበርን። ባለቤቴ ጥላውን ትወደዋለች፣ እኔም እንደዚያው።

አሁን በየሳምንቱ የምሠራው ቀላል ነው። ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቤቱን ይዞራል፤ ግድግዳው ሥር አታስጠጉት። ምን ያህል እንደማጠጣ የሚነግረኝ ካቻቢቴ ነው። በአራቱም ጎን አፈሩ ውስጥ እሰካዋለሁ፤ በሁሉም በኩል እኩል ከገባ ደህና ነው፣ አንዱ ጎን እምቢ ካለ እዚያ ጊዜ እጨምራለሁ። ምዕራቡ ጎን ፀሐዩን ስለሚቀበል ከሰሜኑ እጥፍ ይፈልጋል። የውሃ ቁጠባ ሕጉን ከየከተማችሁ ጠይቁ። የአሸንዳውን መውረጃ አርዝመን ውሃውን ከቤቱ አራቅነው፤ አፈሩንም በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ አድርገን ደለደልነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከልጄ ጋር ለካን። ጥጉ 12 ዝቅ፣ ኩሽናው 13 ከፍ። ኤፕሪል ላይ ጥጉ 11 ስለነበር በዚህ በጋ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ኩሽናው ግን ቧንቧው ከተቀየረ ጀምሮ እየወረደ ነው፤ እስኪቆም ድረስ የኩሽናውን ሴራሚክ አልነካም። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁለት ጫፍ በእርሳስ አስምሬ ቀን ጽፌበታለሁ፤ ስቱኮ የሚቀባው ስንጥቁ እስከ መጪው ፌብሯሪ ምልክቱን ካላለፈ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ይቆለፋል።