ጭቃ ሹሟ ኤሊ፦ አንድን የሳይንስ ስም ወደ አማርኛ ለማምጣት የሄድኩበት መንገድ

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሚሌ በከባድ መኪና ይመላለሳል። ባለፈው ክረምት ዝናቡ እንዳባራ አስፋልት ስታቋርጥ ያገኛትን ኤሊ በካርቶን ይዞልኝ መጣ። ጎማ እንዳይጨፈልቃት ፈርቶ ነው ያነሳት።

"አክስቴ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ? ስሟን ንገሪኝ" አለኝ።

"ኤሊ ናታ።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ።"

እውነቱን ነው። እኛ የየብሷንም የውሃዋንም ኤሊ ብለን ነው የምንጠራ። ሳፋ ላይ ትንሽ ውሃ ጨምሬ አስቀመጥኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየኋት።

ቅርፊቷ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጭቃ መሰል ቡናማ ነው። ሳነሳት እንደ የብስ ኤሊ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ አልሳበችም። ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ሸጎጠችው፤ ሰው ፊቱን በጋቢው ጠርዝ እንደሚሸፍን። አገጯ ሥር ሁለት ትናንሽ ጢም መሳይ ሥጋዎች አሏት። ጥፍሯን ቆጠርኩ፦ የፊት እግሯም አምስት፣ የኋላ እግሯም አምስት። ቀስ ብዬ ገለበጥኳት። የሆዷ ቅርፊት አንድ ወጥ ነው፣ የሚታጠፍ ቦታ የለውም። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ፔሉሲዮስ የሚባሉት ዘመዶቿ የሆዳቸው ቅርፊት ከፊት በኩል ይታጠፋል፣ እንደ በር ጥርቅም ያደርጉታል። የኔዋ በር የላትም። ስለዚህ ሳይንስ ፔሎሜዱሳ ከሚለው ወገን ናት አልኩ።

ደንግጣ የለቀቀችው ሽታ ግን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤም ከእጄ አልወጣም። የነዚህ ኤሊዎች መከላከያ ነው። ልጆቹ ግቢውን ለቀው ወጡ።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ተመላሽ ስለነበር ይዟት ሄደ። "ካነሳህበት ቦታ፣ ስትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ አሻግረህ ልቀቃት" አልኩት። እዚህ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ልጣላት የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ግን እንስሳን ከቀዬው አንስቶ ሌላ ውሃ ውስጥ መጨመር ለእሷም ለውሃውም ጥሩ አይደለም።

ሥራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተማሪዎቼ የተፈጥሮ ክበብ የግድግዳ ጋዜጣ አለው። የኤሊዋን ፎቶ ልንለጥፍ ነው። ታዲያ ልጆቹ "ፔሎሜዱሳ ሱብሩፋ" የሚለውን የሳይንስ ስሟን (የመጀመሪያው ቃል የወገኗ፣ ሁለተኛው የዝርያዋ ነው) ሸምድደው ብቻ እንዲያልፉ አልፈለግኩም። ትርጉሙ በአማርኛ ይግባቸው አልኩ።

መጀመሪያ ስልኬን ጠየቅኩ። "ሜዱሳ" ማለት ባሕር ውስጥ የሚኖረው ጄሊፊሽ ነው አለኝ። አልሆነም። ቀጥሎ የግሪክ ተረት አገኘሁ፦ ፀጉሯ እባብ የሆነው ሴት። "ፔሎስ" በግሪክ ጭቃ ነው። ሁለቱን ገጣጠምኩና "ባለ እባብ ፀጉሯ የጭቃ ኤሊ" ብዬ ለጠፍኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሳልጨርስ ለጠፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹ ፎቶው ላይ እባብ ሲፈልጉ ከረሙ። አንዷ እንዲያውም ጢሞቿን እያሳየች "ቲቸር፣ እባቦቹ እነዚህ ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጋዜጣውን በዚያው ቀን አነሳሁት።

ከዚያ ወደ ቃሉ ሥር ወረድኩ። ሜዱሳ የዚያች ሴት ስም ከመሆኑ በፊት የግሪክ ግስ ነው፤ ትርጉሙ መግዛት፣ መጠበቅ። ሜዱሳ ማለት "የምትገዛ" ማለት ነው፣ በሴት አንቀጽ። ዋግለር የሚባል ጀርመናዊ ይህን የወገን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ጭቃን የምትገዛ። "የጭቃ ንግሥት" ልበል? ከበደኝ። ጭቃና ንግሥት በእኛ አፍ አብረው አይሄዱም።

እሑድ አባዬ ቤት ደሴ ሄድኩ። ቡና እየተጠጣ ነገሩን አወራሁለት። አባዬ ቦሩ ሜዳ ነው ያደገ። ሲኒውን አስቀመጠና "ጭቃ የሚገዛ? ታዲያ ጭቃ ሹም ነዋ!" አለኝ።

ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ የከረምኩበት ነገር አባቴ አፍ ላይ ነበር። በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም የመንደሩን ግብር የሚሰበስብ፣ ድንበሩን የሚያውቅ የቀበሌ ሹም ነው። አባዬ ጨመረ፦ "ሹም ይሻራል፣ ጭቃ ሹም ግን ከመሬቱ ጋር ነው።" ኤሊዋም እንደዚያው ናት። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። ሲዘንብ ትወጣለች። አስፋልት ላይ የተገኘችውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ቃል ቀለል ይላል፣ እሱም ግን ሸውዶኝ ነበር። "ሩፋ" በላቲን ቀይ ነው። "ሱብ" ሥር ነው። "ከሥሯ ቀይ" ብዬ ጽፌ ነበር፤ የኔዋ ሆድ ግን ቢጫ ነገር ነው። ላቲን "ሱብ"ን ከቀለም ፊት ሲያስቀምጥ "በመጠኑ" ማለቱ ነው። እኛ "ቀይ" እና "ቀላ ያለ" እንደምንለው። ቦናቴር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1789 የሰጣት ስም "ቀላ ያለች" ማለት ነው፣ በቃ።

ይህን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ "ሱብሩፋ" የሚለውን ለጋዜጣው ካዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ ሰረዝኩት። ለረጅም ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ እስከ የመን ያሉት ሁሉ አንድ ዝርያ ተደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘረመል ጥናት አሥር ዝርያ ተባሉ። ሱብሩፋ የሚለው ለደቡባዊ አፍሪካዎቹ ቀረ። የእኛ አካባቢዋ የትኛዋ እንደሆነች በፎቶ መለየት አይቻልም። ለልጆቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ ሳይንስ ስሙን እንደሚያርም ማየት ለካ አያሳዝናቸውም።

በዚያ ሰሞን የሌሎችንም ስም አየን። ኦሞ ወንዝ ያለችው ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ ትባላለች። በግሪክ ሦስት ጥፍር፣ በላቲንም ሦስት ጥፍር። ሁለቴ የተባለ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ የሚያገኙትን እንስሳ ሁሉ ጥፍር መቁጠር ጀምረዋል።

አሁን ሥራውን እንደገና ብጀምረው መጀመሪያ አባዬ ጋ እሄድ ነበር፣ ከዚያ መዝገበ ቃላቱ ጋ። እንስሳዋንም ከስሟ በፊት ደህና አድርጌ አይ ነበር፤ የሆዷ ቀለም ነው ከስህተት ያዳነኝ። የለጠፍነው ጽሑፍ "ፔሎሜዱሳ ማለት ጭቃ ሹም ማለት ነው" ይል ነበር። አንድ ተማሪ ግን አላለፈኝም። "ቲቸር፣ በግሪኩ ሴት ናት ብለሽን የለ?" አለኝና በእስክሪብቶ አረመው። ጭቃ ሹሟ ሆነች።

የእህቴ ልጅ አሁን ዝናብ ሲጥል እዚያች ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱ ምን ሆነህ ነው ሲለው "ጭቃ ሹሟ ታልፍ ይሆናል" ይለዋል አሉ።