የአባቴ ሸክላዎች ኩሽና ደረሱ

እሁድ ማታ። እማዬ ተኝታለች። እኔ ሳሎን ወለሉ ላይ በገመድ ተከብቤ ይሄን እጽፋለሁ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የአባቴን ሸክላዎች በጋቢ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አስራ አንድ ናቸው። ሁሉም ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት። ግማሾቹን ያሳተማቸው አምሃ እሸቴ ነው። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የጀመረው ሰውዬ። በኋላ እሱም እዚሁ ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ኖሯል።

ያገለገለ ማጫወቻ ገዛሁና ገመዱን ቀጥታ ቤት ያለው የዋይፋይ ስፒከር ላይ ሰካሁት። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን መሰለ። ድምፁን እስከ ጫፍ ብከፍተውም ቤዝ የሚባል ነገር የለም።

የአምፕሊፋየር ዋት፣ የጉልበት ነገር መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ 50 ይበቃል ወይስ 100 ስል ከረምኩ። ነገሩ ሌላ ኖሯል። መርፌዋ የምትሰጠው አምስት ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። አለዚያ መርፌዋ የምትሄድበት ቦይ እየሰፋ ሸክላው ዘፈኑን አይችለውም። ሲጫወት ያንን የሚመልሰው፣ ትንሿንም ድምፅ የሚያሳድገው ፎኖ የሚባለው ክፍል ነው። ዋይፋይ ካላቸው አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ደግሞ ይሄ የላቸውም። ሁለቱንም ያሟላ አንድ አገኘሁ። ዋጋውን ሳይ ስልኬን ዘጋሁ።

ያወጣኝ ጎረቤቴ ነው። ጋራዡን ሲያጸዳ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ፓዮኒር ሬሲቨር፣ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ባንድ ላይ ያለበትን፣ “ከፈለግከው ውሰደው” አለኝ። ድንጋይ ነው፣ ተሸክሜው ወገቤ ሊቆረጥ። ከኋላው ፎኖ የሚል መግቢያ አለው፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቴፕ የሚል መውጫ። ያኔ ሰዉ ከሸክላ ወደ ካሴት የሚገለብጥበት ነው። ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ካሴት እስኪገለበጥ ቆሞ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ በካሴቱ ቦታ የዋይፋዩን ስፒከር ሰካሁ።

መጀመሪያ ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የግራውንድ ገመድ ረስቻት ነው። ከሬሲቨሩ ጀርባ ካለችው ብሎን ጋር ሳጠብቃት እልም አለ።

ዛሬ ከሰዓት ሳሎን በሬሲቨሩ፣ ኩሽና በዋይፋይ ከፈትኩት። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማ “አንተ፣ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚዘፍነው?” አለች። የዋይፋዩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። የሳሎኑን አጠፋሁላት። ኩሽና በዛባት መሰለኝ መጥታ የሬሲቨሩን ቁልፍ ወደ ግራ ጠመዘዘች። ምንም። የቴፑ መውጫ ያንን ቁልፍ አያውቀውም፤ የሚቀነሰው በስልክ ነው። “ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?” ብላ ተመለሰች።

ሦስተኛው ሸክላ መሃል ላይ መርፌዋ ጠቅ ጠቅ አለችና አለፈች። ከኩሽና የሽንኩርት ቢላዋው ቆመ።

“ይቺን ጭረት አባትህ ነው ያወጣት” አለች። “አንተ ያለቀስክ ቀን፣ ቶሎ ሊያነሳህ ብሎ።”

መልሼ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።