ላሟን ለማን ትቼ?

አደጋን ስለመቀነስ በተነሳ ቁጥር ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ሳተላይት፣ ራዳርና የአየር ትንበያ ነው። አስፈላጊነታቸው አያከራክርም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ ናት፤ አንድ ቤተሰብ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንሂድ ወይስ እንቆይ?» ብሎ የሚመክርባት።

ባንግላዴሽ ይህን ከማንም በላይ በመከራ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ቦላ የተባለው ሳይክሎን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሣ ብርቱ አውሎ ነፋስ፣ በትንሹ 300,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በ1991 የመጣው ወደ 138,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገደለ። በጉልበት ከእርሱ ጋር የሚቀራረበው ሲድር በ2007 ሲመታ ግን የሟቾች ቁጥር ከ3,000 በላይ ነበር፤ በ2020 አምፋን ሲደርስ ደግሞ አስቀድሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ መጠለያ በመግባቱ በአገሪቱ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሆኑ። እያንዳንዱ ሞት የአንድ ቤት ሐዘን መሆኑን ሳልዘነጋ፣ ይህን ለውጥ በዘመናችን ከታዩት ታላላቅ ሥራዎች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ።

ሕዝቡን በበጎ ፈቃደኞች አማካይነት የማስጠንቀቁ ሥራ የተጀመረው አገሪቱ ነጻ በወጣች ማግስት፣ በ1972፣ እጅግ ድሃ በነበረችበት ወቅት ነው። ዛሬ ከ70,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉ። አደጋው በቀረበ መጠን የሚሰቅሉትን ባንዲራ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ያሳድጋሉ፤ ድምፅ ማጉያና በእጅ የሚዞር ሳይረን ይዘው በየመንደሩ ይዞራሉ። ሰው ከሬዲዮ የሰማውን ሊጠራጠር ይችላል፤ የሚያውቀው ጎረቤቱ በሩን አንኳክቶ ሲነግረው ግን ይነሣል።

የሰማ ሁሉ ግን አይሄድም። በ1991 ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በእጅጉ በዝተው አለቁ። ባል ሳይመጣ ከቤት መውጣት የከበዳቸው ነበሩ፤ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር በአንድ አዳራሽ ተጨናንቆ ማደርም ብዙዎችን ያስፈራ ነበር። ከብትም አለ። የቤተሰቡ ጥሪት አንዲት ላም በሆነችበት ቤት «ላሟን ለማን ትቼ?» የሚለው ጥያቄ የግትርነት ሳይሆን የነገ እንጀራ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በኋላ በተሠሩት መጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ተደረገ፤ ለከብቶችም ከፍ ብሎ የተደለደለ የአፈር ጉብታ ተዘጋጀ። ብዙዎቹ መጠለያዎች በደኅናው ቀን ትምህርት ቤት ናቸው፤ በዚህ የተነሳ ሕንፃው እየተጠገነ ይኖራል፣ ልጆችም መንገዱን ያውቁታል።

ለመሬት መንቀጥቀጥ እርግጥ ነው ባንዲራ አይሰቀልም። በ2010 ሄይቲን የመታው መጠኑ 7.0 ሲሆን፣ ዝቅተኛ በሚባለው ግምት እንኳ ከፍተኛ እልቂት አድርሷል፤ ከሳምንታት በኋላ ቺሊን የመታው 8.8 ሆኖ ሳለ የሟቾቹ ቁጥር 500 አካባቢ ነበር። የሄይቲው ለዋና ከተማዋ መቅረቡ ጉዳቱን ቢያብሰውም፣ ቺሊ የሕንፃ ደንቧን በወረቀት ብቻ አለመተዋ ልዩነቱን አስፍቶታል። ያለ ደንብ የተሠራ ቤት ከፈረሰ በኋላ ምንም ዓይነት እርዳታ ቢጎርፍ የሞተውን አይመልስም።

የሚያስቆጨኝ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ አደጋው ካለፈ በኋላ መምጣቱ ነው። በጁላይ 2020 ግን በባንግላዴሽ የጃሙና ወንዝ እንደሚሞላ ትንበያው ሲያመለክት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ጎርፉ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሳይደርስ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለቀቀ። ለቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ፣ ለከብቶቻቸው መኖ፣ መኖውንና ዘሩን ውኃ እንዳይነካው የሚያስቀምጡበት በርሜል ቀድሞ ደረሰ። ጥሬ ገንዘብ በእጁ የያዘ ቤተሰብ ጎርፍ ሲያስጨንቀው ላሟን በርካሽ ለመሸጥ አይገደድም፤ ጀልባ ተከራይቶ ይዟት ይወጣል።